ዓይን እስኪለምድ

ውጭ የጥር ፀሐይ ግቢውን አንጥቶታል፤ የአያቴ ጎጆ ግን መስኮት የለውም። ከደጃፉ ሁለት እርምጃ እንደገባሁ ድምፅዋ ከምድጃው በኩል ይመጣል፦ «ቁም አንተ ልጅ! ዓይንህ እስኪለምድ ቁም፤ እንስራውን እንዳትደፋብኝ።» እቆማለሁ። መጀመሪያ የፍሙ ቀይ ነጥብ ይታየኛል። ቀጥሎ የነጠላዋ ነጭ፣ ቀጥሎ የእንስራው ሆድ፣ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድ ከጨለማው ይወጣል። በመካከሉ መብራት ያበራ ሰው የለም።

ስገባ ያስለቀሰኝ የጭስ ሽታም ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ትከሻዬ ላይ የምትጥልብኝ ጋቢ ሲያርፍብኝ ይከብዳል፤ ከዚያ መልበሴንም እረሳለሁ። አማርኛችን ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አለው፦ ለመደ። ዓይን ይለምዳል፣ አፍንጫ ይለምዳል፣ ገላ ይለምዳል። ግን የሚለምደው ማን ነው? እኔ ራሴ፣ በሐሳቤ? ቆዳዬ? ወይስ ከቆዳው ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ? ይህ ጥያቄ ከ300 ዓመት በላይ ብዙ ብልህ ሰዎችን አድክሟል። እያንዳንዱ ትውልድ ካለፈው ትውልድ ትንሽ ጠለቅ አድርጎ ቆፍሯል። ታሪኩን በዘመን ተራው ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1690 እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ስለ ሰው ልጅ ማስተዋል የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። በውስጡ አንድ ውሃ በአንድ ጊዜ ለአንዱ እጅ ሙቅ፣ ለሌላው ቀዝቃዛ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። በቤት ለመሞከር ሦስት ሳፋ ይበቃል። በአንዱ በጣም የቀዘቀዘ፣ በሌላው እጅ የሚችለው ትኩስ፣ በመካከለኛው ለብ ያለ ውሃ ይደረጋል። ቀኝ እጅ ትኩሱ ውስጥ፣ ግራው ቀዝቃዛው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩና ሁለቱም አንድ ላይ ለብ ያለው ውስጥ ይገባሉ። ቀኙ «ቀዘቀዘኝ» ይላል፣ ግራው «ሞቀኝ» ይላል። የሁለቱም ባለቤት ግን አንድ ሰው ነው፤ ውሃውም አንድ ነው።

ሎክ በዚህ ሊያስረዳ የፈለገው ሙቀት እኛ በምንሰማው መልኩ ውሃው ውስጥ እንደማይገኝ ነበር። ስለ እጁ የተናገረው ጥቂት ነው፦ በእጃችን ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንቅስቃሴያቸው ሲጨምር ሙቀት፣ ሲቀንስ ቅዝቃዜ ይሰማናል አለ። እኔን የሚገርመኝ ይህ አነጋገሩ ነው። «ሲጨምር» እና «ሲቀንስ» አለ። ነርቭ እንዴት እንደሚሠራ ማንም በማያውቅበት ዘመን፣ እጅ የሚነግረን ስለ ለውጥ መሆኑን በሁለት ቃል ነክቶት አለፈ።

ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም የተጨመረ ነገር አልነበረም። በ1804 ኢግናስ ትሮክስለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው፣ ሐኪምም ፈላስፋም የነበረ፣ ስለ ዓይን አንድ እንግዳ ነገር ጻፈ። ግድግዳ ላይ አንዲት ነጥብ አድርጋችሁ ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ እርሷን ብቻ ብታዩ፣ በዓይናችሁ ጥግ በኩል ያለው የደበዘዘ ነገር ቀስ በቀስ ይጠፋል። ነገሩ በቦታው አለ፤ ብርሃኑም ዓይን ውስጥ እየገባ ነው። ዓይናችሁ ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ተመልሶ ይመጣል። ትሮክስለር ያየውን በትክክል መዘገበ። ምክንያቱ እስኪታወቅ ግን 150 ዓመት ገደማ መጠበቅ ነበረበት።

በ1831 ጣልያን ውስጥ ፊሊፖ ፓቺኒ የሚባል የ19 ዓመት የሕክምና ተማሪ የአስከሬን እጅ ሲመረምር በጣት ነርቮች ላይ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን ፍሬዎች አየ። እያንዳንዳቸው ርዝመታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ አጉሊ መነጽርም ይታያሉ። ከእርሱ በፊት ያያቸው ሰው ነበር፤ ልብ ብሎ የመረመራቸውና ለዓለም ያሳወቃቸው ግን ይህ ወጣት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ልክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ የተደራረቡ ናቸው፤ በመሃላቸው የነርቭ ጫፍ ተቀምጧል። ለምን እንደተሠሩ ማንም አላወቀም። ይህችን ሽንኩርት አንባቢ በልቡ ያስቀምጥልኝ።

በዚያው ዘመን ላይፕዚግ ውስጥ ኤርነስት ሃይንሪሽ ዌበር ስለ መዳሰስ ስሜት ይመራመር ነበር። በ1834 እና በ1846 ባወጣቸው ሥራዎቹ የመዳሰስን ጥናት ከፍልስፍና አውጥቶ ወደ መለኪያ አመጣው። ከሙከራዎቹ አንዱን እወደዋለሁ፤ መሣሪያው ሳንቲም ብቻ ነውና። የቀዘቀዘ የብር ሳንቲም በሰው ግንባር ላይ ሲቀመጥ፣ ከሞቁ ሁለት ተመሳሳይ ሳንቲሞች ያላነሰ ይከብዳል። ቆዳ ክብደትንና ቅዝቃዜን ያምታታል ማለት ነው። ስለ ሙቀት ደግሞ ዌበር የሎክን ሁለት ቃላት ወደ ሙሉ ሐሳብ አሳደጋቸው፦ የቆዳው ሙቀት ከፍ ሲል ሞቀኝ እንላለን፣ ዝቅ ሲል በረደኝ እንላለን፤ ባለበት ሲቆይ ምንም አንልም።

የአያቴ ጨለማ ተራው የደረሰው በ1865 ነው። ሄርማን ኦበርት በብሬስላው ከተማ (ዛሬ የፖላንዷ ቭሮትስዋፍ) ሙሉ በሙሉ በጨለመ ክፍል ውስጥ እየተቀመጠ፣ ሊያየው የሚችለው ብርሃን ምን ያህል ደካማ ሊሆን እንደሚችል በየጊዜው ይለካ ነበር። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር የሚያየው ብርሃን እየደከመ ሄደ። ለዚህ የዓይን መልመድ ‹አዳፕታሽን› የሚል ስም ሰጠው፤ ዛሬ በሁሉም ስሜቶች ላይ የምንጠቀምበት የሳይንስ ቃል ለዓይን የዋለው ያኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1876፣ ሮም ውስጥ ይሠራ የነበረው ፍራንዝ ቦል በጨለማ የቆየች እንቁራሪት ዓይን ጀርባ ቀይ መሆኑን፣ ብርሃን ሲመታው ያ ቀለም መክሰሙን አስተዋለ። ቀለሙ በጨለማ እንደገና ይሠራል። አያቴ «ቁም» ስትለኝ፣ የምጠብቀው በከፊል ይህ ቀለም ዓይኔ ውስጥ እስኪመለስ ነበር። ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ እንስራውን ላለመድፋት ግን ትንሹ በቂ ነው።

በ1880ዎቹ ስዊድናዊው ማግኑስ ብሊክስ በኡፕሳላ፣ ጀርመናዊው አልፍሬድ ጎልድሻይደር በበርሊን፣ አሜሪካዊው ሄንሪ ዶናልድሰን በባልቲሞር፣ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር አገኙ፦ ቆዳችን ሙቀትና ቅዝቃዜን በሁሉም ቦታ እኩል አይሰማም። ቅዝቃዜ የሚሰማ ነጥብ አለ፣ ሙቀት የሚሰማ ሌላ ነጥብ አለ፤ በመካከላቸው ዝም ያለ ቆዳ አለ። ስለዚህ ቆዳ ውስጥ በየሥራቸው የተመደቡ ትናንሽ ሠራተኞች አሉ። ሳይንሱ ‹ስሜት ተቀባይ› የሚላቸው እነዚህን ነው። እስከዚህ ድረስ ግን አንዱም ተቀባይ ሲናገር የሰማ ሰው አልነበረም።

ለመስማት የተዘጋጀው ቤት ካምብሪጅ ነበር። እዚያ ኪዝ ሉካስ የሚባል መምህር፣ ነርቭና ጡንቻ የሚሠሩት በሙሉ ወይም በምንም መሆኑን ይመረምር ነበር። ምት ከተነሣ ሙሉ ነው፤ ካልተነሣ የለም፤ ግማሽ ምት የሚባል ነገር አይታወቅም። ተማሪው ኤድጋር ኤድሪያን ይባላል፤ በ1889 የተወለደ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሉካስ ለአውሮፕላን የሚሆኑ መሣሪያዎችን ለመሥራት ሄደ፤ በ1916 የሚያበርረው አውሮፕላን ከሌላ ጋር አየር ላይ ተጋጭቶ ሞተ። ኤድሪያን በጦርነቱ ዘመን ሐኪም ሆኖ ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም ከረመ። ሰላም ሲሆን ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ የመምህሩን ቤተ ሙከራና ያልተጨረሰ ጥያቄውን ተረከበ።

ችግሩ የምልክቱ ድካም ነበር። አንድ የነርቭ ክር የሚያስተላልፈው ምት ከቮልት ሚሊዮንኛ ክፍሎች ጥቂቱ ነው። ያኔ ግን ሬዲዮ መጥቶ ነበር፤ ከሬዲዮም ጋር ደካማን ምልክት የሚያጎላ ቫልቭ። ኤድሪያን ቫልቮቹን ቀጣጥሎ፣ ምልክቱን በሺህ እጥፍ አሳድጎ፣ በቀጭን ብልቃጥ ውስጥ ያለ የባዜቃ ክር እንዲያንቀጠቅጥ አደረገው። የባዜቃው ጥላ በፊልም ላይ ይቀረጻል።

በ1925 አንድ ቀን መሣሪያውን ሊሞክር የእንቁራሪት እግር አንጠለጠለ፤ ነርቩንም ከሽቦው ጋር አገናኘ። ምንም ሳይነካው መስመሩ ይንቀጠቀጣል። የመሣሪያ ብልሽት መሰለው። እግሩን ከተንጠለጠለበት አውርዶ መስታወት ላይ ሲያስተኛው መንቀጥቀጡ ቆመ። እንደገና ሲያንጠለጥለው ተመለሰ። ኤድሪያን ያኔ ገባው፦ የተንጠለጠለ ጡንቻ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ «ተለጠጥኩ» የሚል መልእክት በነርቩ ይልካል። ብልሽት የመሰለው ነገር ስሜት ተቀባዮቹ ሲናገሩ ነበር። ኤድሪያን ነገሩን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ሽቦ መቀየር ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

በዚያው ወራት ከስዊድን ወጣቱ ኢንግቬ ዞተርማን መጣ። ሁለቱ ሆነው ከእንቁራሪት ደረት አንዲት ቀጭን ጡንቻ አወጡ። በውስጧ ሦስት ወይም አራት ተቀባይ ብቻ ነው ያለው። ጡንቻዋን በክር በክር እየቆረጡ ቀነሷት፤ በመጨረሻ አንድ ተቀባይ፣ አንድ የነርቭ ክር ቀረ። ከጡንቻዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት አንጠለጠሉ። ዞተርማን ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ቀን ሲያስታውስ፣ ሁለቱም ማንም ያላየውን ነገር እያዩ መሆናቸውን አውቀው በጥድፊያና በደስታ ይሠሩ እንደነበር ተናግሯል።

ፊልሙ ሲታጠብ ያዩት እንዲህ ነው። ክብደቱ ቢቀልም ቢከብድም እያንዳንዱ ምት ቁመቱ አንድ ነው፤ መምህሩ ሉካስ እንደጠረጠረው። ክብደት ሲጨመር ምቶቹ ይቀራረባሉ፣ ሲቀነስ ይራራቃሉ። ነርቭ ብርታትን የሚናገረው በፍጥነት ነው ማለት ነው፤ ከበሮ መቺ ጉልበት ሳይጨምር እጁን እንደሚያፈጥን። ለእኛ ጥያቄ ዋናው ግን ሦስተኛው ነገር ነው። ክብደቱ እንደተንጠለጠለ ሳይነካ ሲቆይ ምቶቹ እየተራራቁ ሄዱ። ክብደቱ አልቀነሰም፤ ጡንቻዋም እንደተለጠጠች ናት፤ መልእክቱ ግን እየሳሳ ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንጎል የሚባል ነገር አልነበረም። የሚሰለች አእምሮ የለም፤ ወደ ሌላ የሚዞር ሐሳብ የለም። አንድ ጡንቻና አንድ ነርቭ ብቻ ለመዱ። አንድን ሽታ ወይም ልብስ «ረሳሁት» ስንል ጥፋቱን ለልባችን እንሰጣለን። ልባችንም የራሱን ያህል ይረሳል፤ መልእክቱ ግን ገና ከመነሻው፣ ከዳር፣ እየቀነሰ ነበር የመጣው።

ሥራው በ1926 ታተመ። ኤድሪያን ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ተቀባዮች አንድ በአንድ አዳመጠ፤ ሁሉም በአንድ ፍጥነት እንደማይለምዱም አወቀ። ጡንቻ ላይ ያለው ቀስ ብሎ ነው የሚደክመው፤ ቆመን ስንውል ሰውነታችን እንዴት እንደተዘረጋ ሳያቋርጥ ማወቅ አለብንና። የፀጉር ሥር ያለው ግን ፀጉሩ ሲታጠፍ ይናገርና ታጥፎ ሲቆይ ዝም ይላል። ጋቢው ሲያርፍ የምሰማው፣ ካረፈ በኋላ የምረሳው ለዚህ ነው። በሌላ ጊዜ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ከጉርጥ የዓይን ነርቭ ጋር ድምፅ ማጉያ አገናኝቶ ሲሠራ፣ ማጉያው በየመሃሉ ለምን እንደሚንጫጫ ግራ ገባው። ቆይቶ ድምፁን ከራሱ እንቅስቃሴ ጋር ሲያስተያይ፣ ጉርጧ እርሱን እያየችው መሆኑን ተረዳ። ሲራመድ ማጉያው ይጮኻል። በ1932 ከቻርልስ ሸሪንግተን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሃልዳን ኬፈር ሃርትላይን ከባልደረባው ክላረንስ ግሬአም ጋር ሆኖ ሊሙለስ ከሚባል ጠንካራ ልባስ ያለው የባሕር ፍጡር ዓይን አንድ የነርቭ ክር ለይቶ አዳመጠ። ብርሃን ሲበራ ምቶቹ በአንድ ጊዜ ይፈነዳሉ፤ ብርሃኑ ሲቆይ ወደ ዝግተኛ ፍጥነት ይወርዳሉ። በ1938 ደግሞ በእንቁራሪት ዓይን ውስጥ ብርሃን ሲበራ ዝም የሚሉ፣ ሲጠፋ ብቻ የሚናገሩ ክሮች አገኘ። ለጨለማ መምጣት የተመደበ መልእክተኛ አለ ማለት ነው።

የትሮክስለር እንቆቅልሽ የተፈታው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዓይናችን አንድ ቦታ ላይ ተተከለ ስንል እንኳን ያለማቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፤ እኛ አናውቀውም። በ1952 እንግሊዝ ሬዲንግ ውስጥ ዲችበርንና ጊንስቦርግ፣ በ1953 ደግሞ አሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሎሪን ሪግስና ባልደረቦቹ፣ ይህን መንቀጥቀጥ ለማሸነፍ ብልሃት ፈጠሩ። ዓይን ላይ ከሚለጠፍ ሌንስ ጋር ትንሽ መስታወት አያያዙ። ምስሉ ከዚያ መስታወት ተንጸባርቆ ይታያል፤ ስለዚህ ዓይን ወደ ቀኝ ሲል ምስሉም ወደ ቀኝ ይላል፣ ወደ ግራ ሲል እርሱም ወደ ግራ። ምስሉ የዓይን ጀርባ ላይ አንድ ቦታ ተቸንክሮ ቀረ። ሙከራው ውስጥ የገባ ሰው ምስሉን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያጣዋል። የሚታየውን ነገር እያየ፣ ምንም ሳይጋርደው፣ ይጠፋበታል። ብርሃኑ ቢብለጨለጭ ወይም ምስሉ ትንሽ ቢነቃነቅ ወዲያው ይመለሳል። የምናየው ዓለም ሁሉ በዚያች ትንሽ መንቀጥቀጥ ተይዞ ነው የቆመው። ትሮክስለር ያየው መጥፋት በዓይን ጥግ በኩል የሆነው፣ እዚያ ያሉት ተቀባዮች ሰፊ ቦታ በአንድ ስለሚያዩ ትንሹ መንቀጥቀጥ ለእነሱ እንደ ለውጥ ስለማይቆጠር ነው።

አሁን ጥያቄው ጠበበ። ተቀባዩ ራሱ ውስጥ መልመዱ የት ነው? በ1950 በርናርድ ካትዝ የእንቁራሪት ጡንቻ ሲለጠጥ፣ ከምቶቹ በፊት፣ ተቀባዩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማዕበል እንደሚነሣ አሳየ። ማዕበሉ መለጠጡ በመካሄድ ላይ ሳለ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይረጋል። ምቶቹ የዚህ ማዕበል ልጆች ናቸው። ወደ ማዕበሉ ሥር ለመድረስ ደግሞ ነርቩን የሸፈነውን መግለጥ ያስፈልጋል። የፓቺኒ ሽንኩርት ተራዋ የደረሰው እዚህ ላይ ነው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቨርነር ሎዌንስታይን ከድመት የወጣችን አንዲት የፓቺኒ ፍሬ በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ፣ በጥቃቅን መሣሪያ ልጣጯን አንድ በአንድ ይገፍፍ ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ሽንኩርት፣ መሃል ያለውን የነርቭ ጫፍ ሳይጎዱ መላጥ ምን ያህል እጅ እንደሚጠይቅ አስቡት። በ1964 ከማርቲን ሜንደልሰን ጋር ውጤቱን አሳተመ። ሙሉዋ ፍሬ ስትጫን ማዕበሉ በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ይጠፋል፤ ስትለቀቅ እንደገና ብቅ ይላል። የተላጠው የነርቭ ጫፍ ሲጫን ግን ማዕበሉ ይቆያል። ልጣጮቹ በመካከላቸው ፈሳሽ አለ፤ ድንገተኛውን ግፊት ወደ ውስጥ ያሳልፋሉ፣ የቆየውን ግፊት ግን እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ይበትኑታል። ልጣጯ ለለውጥ ብቻ በር የምትከፍት ወንፊት ሆና ተገኘች። ለዚህ ነው ይህች ፍሬ ለንዝረት የተፈጠረች የምትመስለው፤ ንዝረት ማለት ማለቂያ የሌለው ለውጥ ነውና።

ታሪኩ ግን በዚህ አልቆመም። ልጣጩ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲቆይም ነርቩ ያለው አንድ ወይም ሁለት ምት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዝም። ነርቩም ለራሱ ይለምዳል። ቆፋሪዎቹ አንድ ንብርብር ሲገልጡ ከሥሩ ሌላ መልመድ ይጠብቃቸው ነበር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በኡፕሳላ ካርል-ኤሪክ ሃግባርትና ኦከ ቫልቦ በጣም ቀጭን የተንግስተን መርፌ በሰው ክንድ ነርቭ ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ክንዶች የራሳቸው ነበሩ። በዚህ መንገድ ከሰው እጅ የሚመጣ የአንድ ተቀባይ ድምፅ፣ ባለቤቱ ነቅቶ እየተናገረ፣ ተሰማ። በ1979 ቫልቦና ሮላንድ ዮሃንሰን የአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች 17,000 ገደማ የመዳሰስ ክሮች እንዳሏቸው ገመቱ። አራት ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱ ቶሎ የሚለምዱ፣ ሁለቱ ቀስ ብለው የሚለምዱ። ከግማሽ በላይ ቶሎ ለማጆች ናቸው። ስኒ ከእጃችን ሲንሸራተት ጣታችን ሳናስበው የሚጠብቀው እነዚህ ስለቀሰቀሱት ነው፤ ስኒው በእጃችን እንዳለ የሚነግሩን ደግሞ ዝግተኞቹ ናቸው።

ሕመም ከዚህ ሥርዓት ይወጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤድዋርድ ፐርል ከባልደረቦቹ ጋር ለጉዳት ብቻ የሚናገሩ ተቀባዮችን ለይቶ አወጣ። በ1969 ከፖል ቤሱ ጋር ባሳተመው ጥናት እንደታየው፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በተደጋጋሚ ሲቃጠሉ ከመልመድ ይልቅ ይብስባቸዋል፤ መጀመሪያ ዝም ብለውት ለነበረው ሙቀት መጮኽ ይጀምራሉ። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ለብ ያለ ውሃ እንኳን የሚፈጀው ለዚህ ነው።

የሕመም አለመልመድ ምን ያህል ምሕረት እንደሆነ የሚያውቁት ያጡት ናቸው። በ1965 አዲስ አበባ ውስጥ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የተቀበላቸውን ሰዎች እግር ማሰብ በቂ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የእጅና የእግር ነርቮችን ያጠቃል። ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ጤነኛ ሰው ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ያነክሳል፣ ይቆማል፣ ጫማውን ያራግፋል። ረጅም መንገድ ሲሄድም የታመመ ተረከዙን ሳያውቀው እያሳረፈ ሌላውን የእግሩን ክፍል ይረግጣል። ነርቩ የሞተበት ሰው በዚያው ጠጠር ላይ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ደሙን ያያል። ለረጅም ጊዜ ሰው ጣቶቹ በበሽታው «ተቆርጠው ይወድቃሉ» ብሎ ይፈራና ያገልል ነበር። አብዛኛው ጉዳት የመጣው ግን ከዚህ ዝምታ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከመድኃኒቱ ሌላ ማታ ማታ እግርን በዓይን መፈተሽን ያስተምራል፤ ዓይን ለሞተው ነርቭ ምስክር እንዲሆን።

ከዚህ በኋላ ቆፋሪዎቹ የደረሱበት ጥልቀት ከሴልም በታች ነው። መግቢያውን የከፈተላቸው ደግሞ እኛ በየቀኑ የምንበላው ነገር ነበር። በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ሴት እጇ እንዴት እንደሚለበልባት ታውቃለች፤ በዚያ እጅ ዓይን መንካት ምን እንደሆነም ታውቃለች። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሀንጋሪያዊው ሚክሎሽ ያንቾ በ1940ዎቹ፣ ካፕሳይሲን ደጋግሞ የተቀባ ቆዳ ለማቃጠሉ መደንዘዙን አስተውሎ ነበር። ሚጥሚጣ የለመደ ሰው ላልለመደ እንግዳ «ይህ ምኑ ያቃጥላል?» የሚለው ከልቡ ነው።

በ1997 ዴቪድ ጁልየስና ባልደረቦቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚነካውን ፕሮቲን ለይተው አገኙት። በሴሉ ልባስ ላይ ያለ በር ነው። በርበሬ ይከፍተዋል፤ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የደረሰ ሙቀትም ይከፍተዋል። ስለዚህ በርበሬ «ያቃጥላል» ማለታችን ምሳሌ አይደለም፤ እሳትና በርበሬ የሚያንኳኩት በር አንድ ነው። በሩ ሲከፈት ካልሲየም ይገባል፤ የገባው ካልሲየም መልሶ በሩን ያዳክመዋል። መልመዱ በራሱ በመክፈቱ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል።

የመዳሰሱ በር ግን ለተጨማሪ 13 ዓመት ተደብቆ ቆየ። ቤይሩት ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደው አርመናዊ አርደም ፓታፑቲያን ሳንዲያጎ ውስጥ፣ ስክሪፕስ በተባለው የምርምር ተቋም፣ ከፈረንሳዊው ቤርትራን ኮስት ጋር አንድ አድካሚ ሥራ ጀመረ። ሲነኩት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሴል ዓይነት አገኙ። ከዚያ ሊሆኑ ይችላሉ ያሏቸውን 72 ጂኖች ዘረዘሩ። ኮስት አንዱን ጂን ዝም ያሰኛል፤ ሴሉን በቀጭን የብርጭቆ ጫፍ ይጫናል፤ ኤሌክትሪኩ መጣ። ሌላውን ያጠፋል፤ አሁንም መጣ። ወራት አለፉ። ዝርዝሩ ወደ ማለቁ ሲደርስ፣ በ72ኛው ላይ፣ ጫፉ ሴሉን ሲጫን ምንም አልመጣም። በሩ ተገኘ። በ2010 አሳተሙት፤ ስሙንም መጫን ከሚል የግሪክ ቃል ወስደው ፒየዞ አሉት። ጂኑንና ወንድሙን፣ ሁለተኛውን ፒየዞ፣ ወደ ሌሎች ሴሎች ሲያስገቡ እነዚያም ንክኪ መስማት ጀመሩ።

በመዝገባቸው ላይ የተሳለው መስመር ኤድሪያንና ዞተርማን ከ85 ዓመት በፊት ፊልም ላይ ያዩትን ያስታውሳል። የብርጭቆው ጫፍ ሲያርፍ መስመሩ ይወረወራል። ጫፉ እንደተጫነ ነው፤ መስመሩ ግን መመለስ ጀምሯል፤ በቆዳችን የመዳሰስ ነርቮች ውስጥ በሚገኘው በሁለተኛው ፒየዞ ደግሞ በሴኮንድ መቶኛ ክፍል ውስጥ ሊያበቃ ይደርሳል። ሽንኩርት የለም፣ ጡንቻ የለም፣ ረጅም ነርቭም የለም። አንድ ፕሮቲን እየተጫነ በሩን ይዘጋል። ጁልየስና ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሐኪሞች ሁለተኛው ፒየዞ ከተወለዱ ጀምሮ የማይሠራላቸው ሁለት ልጅ እግር ታማሚዎችን ታሪክ አሳትመው ነበር። ሙቀትና መርፌ ይሰማቸዋል፤ ቆዳቸው ላይ የሚያርፍ ንዝረት ግን አይሰማቸውም። ሐኪሙ ጣታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅስ፣ ካላዩት በቀር ወዴት እንደሄደ መናገር አይችሉም። ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ እንዲራመዱ ሲጠየቁ ተንገዳገዱ፤ እንዳይወድቁ ሰው ያዛቸው። ጨርቁ ሲነሣላቸው እግራቸውን እያዩ ተራመዱ።